መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ አይደለም

በትላልቅ የጭነት መርከቦች አፍንጫ ላይ፣ በግራና በቀኝ የተንጠለጠለውን ጥቁር ብረት በፎቶም ቢሆን ያላየ የለም። መልሕቅ ነው። ከባድ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። አንዱ ብቻውን 10 ቶን፣ 15 ቶን ሊመዝን ይችላል። ሲዋይዝ ጃየንት የተባለው ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከብ መልሕቁ 36 ቶን ነበር። መርከቡ ተበታትኖ አልቋል፤ መልሕቁ ግን ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለእይታ ተቀምጧል።

አሁን ሒሳቡን አስቡት። ያ መርከብ ጭነቱን ሲሞላ ከ600,000 ቶን በላይ ይመዝን ነበር። 36 ቶን ብረት ያን የሚያህል ነገር እንዴት አድርጎ ያቆማል? ክብደት ለክብደት ከሆነማ ጨርሶ አይሞከርም።

ጥያቄው ለእኛ ለወሎዎች የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ የሐይቅ ከተማና ሐይቁ አሉ። ጥንታዊው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው። ከአጠገቡ አርዲቦ አለ። በእነዚህ ውኃዎች ላይ ሰው በጀልባ ይወጣል፣ ዓሣ ያሰግራል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚደርሰው ኮንቴይነርም ጅቡቲ ላይ ከመራገፉ በፊት፣ ብዙ ጊዜ መልሕቅ በጣለ መርከብ ላይ ሆኖ ተራውን ጠብቋል። ስለዚህ መልሕቅ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅመናል። በተለይ ጀልባ ላይ ለሚውል ሰው የሕይወት ጉዳይ ነው። አብሽሩ፣ ፊዚክስ አለበት እንጂ አይከብድም።

መልሕቁ የሚታገለው ከማን ጋር ነው?

የሚንሳፈፍን ነገር ክብደት የሚሸከመው ውኃው ነው። መልሕቁ መርከቡን አይሸከምም። የመልሕቁ ትግል ከነፋስ፣ ከውኃ ፍሰትና ከማዕበል ጋር ነው። ጸጥ ባለ ጠዋት አንዲትን የዓሣ ጀልባ ሕፃን ልጅ በእጁ ገፍቶ ያንቀሳቅሳታል። ልጅ ከገፋት ደግሞ ልጅ ይዞ ሊያቆማት ይችላል። ያኔ መልሕቅ ብዙ ሥራ የለበትም።

ጣጣው ነፋስ ሲመጣ ነው። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ እየባሰ ነው የሚሄደው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ። ጠዋት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ አየር ጀልባዋን አጥብቆ የያዘ ነገር፣ ከሰዓት በኋላ 45 ቢደርስ ዘጠኝ እጥፍ ጉልበት ይጠየቃል። “ጠዋት ይዞ ነበር እኮ” የሚለው ወሬ ለዚህ ነው ዋጋ የሌለው።

እና መልሕቁ ያን ጉልበት ከየት ያመጣል? ከአፈሩ ነው። የወሎ ገበሬ ይህን ለመረዳት ከማረሻው ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም። በሬዎቹ ወደ ፊት ሲስቡት ማረሻው መሬት ውስጥ ይገባል። እርፉን ስትጫነው ደግሞ ይጠልቃል፣ በሬዎቹም ይጨነቃሉ። ያንኑ ማረሻ ወደ ላይ ብትመዘው ያለ ምንም ትግል ይወጣል። መልሕቅም እንደዚሁ ነው። በአግድም ሲሳብ ይቀበራል፤ በጣም በተሳበ ቁጥር ይበልጥ ይቀበራል። ወደ ላይ ሲሳብ ይነቀላል። ልዩነቱ፣ ከውኃው ስር ቆሞ እርፍ የሚጫንለት ሰው የለውም። ስለዚህ ጥፍሩ ራሱ አፈሩን ፈልጎ እንዲገባ ሆኖ መሠራት አለበት።

ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ድንጋይ ለምን አይበቃም

ቀላሉ ዘዴ ድንጋይ በገመድ አስሮ መጣል ነው። ወይም ማዳበሪያ ሙሉ አሸዋ። ዘዴው ጥንታዊ ነው። በቱርክ የባሕር ዳርቻ በኡሉቡሩን የተገኘችው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት ገደማ የሰጠመች የንግድ መርከብ 24 የድንጋይ መልሕቆች ይዛ ነበር። ይህን ያህል የያዘችው በከንቱ አይደለም። ድንጋይ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ገመዱ ይበጠሳል። ከሁሉም በላይ አንዱ ብቻውን አይበቃም።

የማይበቃበትን ምክንያት በቁጥር ማየት ይቻላል። ማንኛውም ነገር ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ ቦታውን የለቀቀለትን ውኃ ክብደት ያህል ይቀልለታል። ተራ ድንጋይ በዚህ ምክንያት ከክብደቱ ከ100 እጁ ወደ 40 የሚጠጋውን ያጣል። መሬት ላይ 20 ኪሎ የሆነ ድንጋይ ውኃ ውስጥ 12 ኪሎ ገደማ ነው። ኮንክሪት ከዚህም ትንሽ ይብሳል። ብረት የሚያጣው ግን ከ100 እጁ 13 ያህሉን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ድንጋዩ አይቀበርም። ከላይ ተቀምጦ ይጎተታል። የሚይዘውም በሰበቃ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ከዚያች ከቀለለች ክብደቱ እንኳ ያነሰ ነው።

በአንጻሩ በደንብ የተሠራ 10 ኪሎ የጀልባ መልሕቅ ጥሩ አሸዋ ውስጥ ሲቀበር ከክብደቱ 20 እና 30 እጥፍ በላይ ሊይዝ ይችላል። ድንጋይ ለጸጥታ ቀን፣ ለአጭር ቆይታ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሚነሳበት ውኃ ላይ ግን ሰው ነፍሱን በድንጋይ ላይ ባያሳድር ደስ ይለኛል።

የገመዱ ነገር

ብዙ ሰው ስለ መልሕቁ ሲጨነቅ ገመዱን ይረሳል። እኔ ከሁሉም የሚበልጠው ገመዱ ነው ባይ ነኝ። መልሕቁ የሚይዘው በአግድም ሲሳብ ነው አልን። ጀልባው ደግሞ ላይ ነው፣ መልሕቁ ታች። ታዲያ ገመዱ አጭር ከሆነ የሚስበው ወደ ላይ ነው፤ ይነቅለዋል። ረጅም ከሆነ እየተኛ ይሄዳል፣ ስበቱም ወደ አግድም ይጠጋል።

ልኩ ይታወቃል። የገመዱን ርዝመት ለጥልቀቱ እናካፍላለን። ገመዱ የጥልቀቱ ሦስት እጥፍ ከሆነ፣ ተወጥሮ ከመሬቱ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 19 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ብዙ ነው። አምስት እጥፍ ሲሆን ወደ 11 ተኩል ይወርዳል። ሰባት እጥፍ ሲሆን 8 ገደማ። ባለ ልምድ የጀልባ ሰዎች አምስት እጥፍን ለመደበኛ ቆይታ፣ ሰባት እጥፍን ንፋስ ለሚጠበቅበት ጊዜና ሰንሰለት ለሌለው ገመድ ይመክራሉ። ለክፉ ቀን 10 እጥፍ ቢለቀቅ የሚቆጭ የለም።

ጥልቀቱ ሲለካ ከውኃው ላይ እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ያለው ከፍታም ይደመራል። ውኃው 6 ሜትር፣ አፍንጫዋ 1 ሜትር ቢሆን የሚባዛው ሰባቱ ነው። አምስት እጥፉ 35 ሜትር፣ ሰባት እጥፉ 49 ሜትር። ስድስቱን ብቻ ያባዛ ሰው 30 ሜትር ለቆ አምስት እጥፍ የሞላ ይመስለዋል። አልሞላም።

አሁን ወደ ሐይቅ እንሂድ። የሐይቁ ጥልቅ ቦታ 88 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ አምስት እጥፍ ማለት 440 ሜትር ገመድ ነው። አንዲት ትንሽ ጀልባ ይህን ይዛ አትሄድም። ስለዚህ መካከል ላይ መልሕቅ ጥሎ መቆም የሚባል ነገር የለም። መልሕቅ የዳርቻ ዕቃ ነው። መካከል ላይ ሞተር ከጠፋ ተስፋው ቀዘፋና ጩኸት ነው። ያኔም ቢሆን ገመዱን ሁሉ ለቆ ማንጠልጠል ይጠቅማል፤ ነፋሱ ወደ ዳር ሲገፋት፣ መሬቱ ከፍ ባለበት ቦታ መልሕቁ ሊነክስ ይችላል።

የገመዱ ዓይነትም ልዩነት አለው። ናይለን ሲወጠር ይለጠጣል። ማዕበል ጀልባዋን ሲመታት ያ መለጠጥ ድንጋጤውን ይበላዋል፤ መልሕቁ በድንገት አይነጠቅም። ከመልሕቁ ቀጥሎ ጥቂት ሜትር ሰንሰለት ቢገባ ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው። በክብደቱ የመልሕቁን ዘንግ ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ድንጋይ ላይ ሲፈጭም እንደ ገመድ አይበጠስም።

ጥፍሩ እንዴት ተሻሻለ

ጥፍር ያለው መልሕቅ ሲመጣ አንድ ችግር አብሮ መጣ። ሁለት ክንድ ያለው ብረት መሬት ላይ ሲወድቅ በጎኑ ይተኛል። ጥፍሩ አፈሩን አይነካም። መፍትሔው ደስ የሚል ነው። በዘንጉ አናት ላይ፣ ከክንዶቹ ጋር መስቀለኛ የሆነ ሌላ ዘንግ ይደረጋል። ገመዱ ሲሳብ ያ መስቀለኛ ዘንግ መሬት ላይ ይጋደማል፤ መልሕቁንም ገልብጦ አንዱን ጥፍር ወደ ታች ያዞረዋል። በሥዕል የምናውቀው መልሕቅ ይኸ ነው። ጣሊያን ውስጥ ኔሚ ከምትባል፣ ከሐይቃችን እጅግ ከምታንስ ሐይቅ፣ ከሮማው ንጉሠ ነገሥት ከካሊጉላ መርከቦች ጋር አንድ የብረት መልሕቅ ተገኝቷል። መስቀለኛ ዘንጉ የሚወልቅና የሚገጠም ነው። 2,000 ዓመት ገደማ የሞላው ሐሳብ ነው።

በ1933 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር አዲስ ነገር አመጣ። የውኃ ላይ አውሮፕላኖች ቀላል መልሕቅ ያስፈልጋቸው ነበር። በከባድ ብረት አይበርም። ቴይለር ጥፍሩን ትቶ የማረሻ ቅርፅ ያለው መልሕቅ ሠራ። ሰውዬው ስለ ፈሳሾች እንቅስቃሴ በሠራው ምርምር በዓለም የታወቀ ነው፤ ጀልባ መንዳትም ይወድ ነበር። እውቀትና ፍቅር ሲገናኙ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካዊው ሪቻርድ ዳንፎርዝ ሁለት ሰፋፊ፣ ጠፍጣፋ ምላስ ያለው ቀላል መልሕቅ ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የሚያራግፉ ጀልባዎች ተጠቀሙበት። ወደ ባሕር ዳርቻ ሲጠጉ ከኋላቸው ይጥሉታል። ወታደሩ ከወረደ በኋላ በዚያው መልሕቅ ራሳቸውን ጎትተው ከአሸዋው ይወጣሉ። ለአሸዋና ለጭቃ እስከ ዛሬ ተወዳጅ ነው። አለት ላይ ግን አይረባም።

የውኃው ወለል ምን ዓይነት እንደሆነ ሳያውቁ መልሕቅ መምረጥ ትርጉም የለውም። ጠንካራ አሸዋና ወፍራም ጭቃ ጥሩ ይይዛሉ። በጣም የላላ ጭቃ እንደ ገንፎ ይንሸራተታል፤ ሰፊ ጥፍር ይፈልጋል። ሣርና ቄጠማ ያለበት ወለል ያታልላል። መልሕቁ ሥሩን ይዞ የተቀበረ ይመስላል፤ ነፋስ ሲበረታ ሣሩን ነቅሎ ይመጣል። ለድንጋያማ ቦታ ባለ አራት መንጠቆው ይሻላል። ይህን በያጅ ጋ ሄዶ ከፌሮ ማሠራት ይቻላል። አፈር ውስጥ የሚይዘው ትንሽ ቢሆንም ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ከተራ ድንጋይም በብዙ ይሻላል።

ትላልቆቹ መርከቦች

እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የዛሬ የጭነት መርከብ መልሕቅ መስቀለኛ ዘንግ የለውም። ዘንጉ በመርከቡ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ለማንሳትም ለማስቀመጥም ይመቻል። ዋጋውን ግን በመያዝ አቅሙ ይከፍላል፤ የሚይዘው ከክብደቱ ሦስትና አራት እጥፍ ያህል ነው። ጎዶሎውን የሚሞላው ሰንሰለቱ ነው። ብረቱ 90 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመርከብ ሰንሰለት በአንድ ሜትር ከ170 ኪሎ በላይ ይመዝናል። 200 ሜትር ሲለቀቅ ከ34 ቶን ይበልጣል። አብዛኛው መሬት ላይ ተጋድሞ ይቆያል፤ የቀረው በደጋን ቅርፅ ወደ መርከቡ ይወጣል። ነፋስ ሲገፋ መርከቡ መጀመሪያ ያን ሰንሰለት ማንሳት አለበት። መልሕቁን በቀጥታ የሚያገኘው ሰንሰለቱ ተነስቶ ካለቀ ብቻ ነው።

ሰንሰለት የሚለካው በቁራጭ ነው፤ አንዱ ቁራጭ 27.5 ሜትር። የሚያነሳው ማሽን መልሕቁንና ሦስት ቁራጭ ሰንሰለት፣ ማለትም 82.5 ሜትር፣ ከጥልቁ ማንሳት እንዲችል ሆኖ ይሠራል። እንግዲህ ከሐይቃችን ጥልቅ ቦታ ጋር አነጻጽሩት። ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መርከብ እንኳ እዚያ መልሕቅ ለመጣል ያመነታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የመርከብ መልሕቅ ለማዕበል የተሠራ አይደለም። ዓለም አቀፉ ደንብ መልሕቁ የሚሠራው በተጠለለ ቦታ ለጊዜው ለመቆም መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ስሌቱም በሰከንድ 25 ሜትር ነፋስና በሰከንድ 2.5 ሜትር ፍሰት ላይ ያቆማል። ከዚያ በላይ ከመጣ ካፒቴኑ መልሕቁን ነቅሎ፣ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ጥልቁ ባሕር መውጣት አለበት። በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ኒውካስል ወደብ ፊት ለፊት ተራ ሲጠብቅ የነበረው ፓሻ ቡልከር የተባለ የድንጋይ ከሰል መርከብ ይህን በጊዜ አላደረገም። የተነሳው መልሕቁ መጎተት ከጀመረ በኋላ ነው። ማዕበሉ ወደ ዳርቻው ወስዶ አሸዋ ላይ ጣለው።

የሚጎተት መልሕቅ ሌላም ጉዳት አለው። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ሩቢማር የተባለ ማዳበሪያ የጫነ መርከብ በደቡብ ቀይ ባሕር በሚሳኤል ተመታ። ሠራተኞቹ መልሕቅ ጥለው ለቀው ወጡ። መርከቡ ውኃ እያስገባ፣ መልሕቁን እየጎተተ ለቀናት ተንሳፈፈ። በዚያው ሰሞን ከባሕሩ ስር ያሉ ሦስት የኢንተርኔት ኬብሎች ተቆረጡ። የአሜሪካ ባለሥልጣናት የቆረጣቸው የዚያ መርከብ መልሕቅ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። መርከቡ በመጋቢት መጀመሪያ ሰጠመ።

አንዲት ጀልባ መልሕቅ ስትጥል

ከሁሉም በፊት የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ጀልባዋ ላይ መታሰሩን እዩ። ቀላል ይመስላል፤ ግን መልሕቁም ገመዱም አብረው የሄዱበት ሰው ብዙ ነው።

አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ተጠጉ። ልትቆሙበት ከፈለጋችሁት ቦታ አልፋችሁ ወደ ነፋሱ ሂዱ፤ ምክንያቱም ገመዱ ሲለቀቅ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። ጀልባዋ ስትቆም መልሕቁን በእጅ ይዛችሁ አውርዱት። አትወርውሩት። ሲወረወር ገመዱ ጥፍሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የሰውን እግርም ይዞ ሊሄድ ይችላል። መሬት ሲነካ ነፋሱ ወደ ኋላ እየገፋችሁ ገመዱን ቀስ በቀስ ልቀቁ። አንድ ቦታ ላይ ከተከመረ አይረባም። ርዝመቱ ሲሞላ እሰሩትና ጥቂት ጠብቁ። ሞተር ካለ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ያኔ ነው ጥፍሩ የሚቀበረው።

መያዙን ለማረጋገጥ ዳር ላይ ሁለት ነገር ምረጡ፤ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ፣ በአንድ መስመር ላይ የሚታዩ። ለምሳሌ የአንድ ቤት ጣሪያና ከጀርባው ያለ ትልቅ ዛፍ። ጀልባዋ ገመዷን ይዛ ወዲያና ወዲህ መወዛወዟ ያለ ነው። ሁለቱ ነገሮች ግን ተለያይተው በዚያው እየራቁ ከሄዱ መልሕቁ እየተጎተተ ነው። ተጨማሪ ገመድ ልቀቁ። ካልያዘ አንስታችሁ እንደገና ጣሉ። አጠገባችሁ ሌላ ጀልባ ካለ ደግሞ በገመዳችሁ ልክ ልትዞሩ እንደምትችሉ አስቡ።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። ትንሽ ጀልባን ከኋላዋ በመልሕቅ አትሰሩ። የጀልባ ኋላ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ነው፤ ሞተሩም ሰዎቹም እዚያው ናቸው። ማዕበል ሲመጣ አፍንጫ ከፍ ብሎ ያልፈዋል፣ ኋላ ግን ውኃውን ይቀበለዋል። ገመዱ ወደ ታች ስለያዛት መነሳት አትችልም፤ በጥቂት ማዕበል ትሞላለች። ሁልጊዜ ከአፍንጫ። ቢላም በእጅ አጠገብ ይኑር፤ ገመድ ከሰው አይበልጥም። የሕይወት ጃኬት የግድ ነው፤ አጥልቁት እንጂ አትቀመጡበት።

ማንሳቱ የመጣሉ ተቃራኒ ነው። በጉልበት ከሩቅ አትሳቡ፤ ያ ይበልጥ ይቀብረዋል። ገመዱን እየሰበሰባችሁ ጀልባዋን ልክ ከመልሕቁ በላይ አድርሷት። ገመዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ወደ ላይ ሳቡ። ድንጋይ ስር ገብቶ እምቢ ካለ በመጣበት ተቃራኒ አቅጣጫ ዞራችሁ ሞክሩ። ድንጋይ እንዳለበት አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ደግሞ ከመጣላችሁ በፊት ሌላ ቀጭን ገመድ ከመልሕቁ ታችኛ ጫፍ፣ ከጥፍሩ በኩል እሰሩ። የገመዱን ጫፍ ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ ባዶ ጀሪካን ጋር አስራችሁ ውኃው ላይ ልቀቁት። ዋናው ገመድ እምቢ ሲል በጀሪካኑ በኩል ትስባላችሁ፤ መልሕቁ በገባበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል።